ስስ ሽፋን ሶላር በዝናብ አገር

ኢሉባቦር ከኢትዮጵያ ዝናብ ጠገብ አካባቢዎች በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳል። በኖፓ፣ በመቱ፣ በጎሬና በዙሪያቸው ዝናቡ በመጋቢት ገደማ ይጀምርና ክረምቱን አልፎ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ቡናው፣ ማሩና ጥቅጥቅ ያለው ጫካ የዚህ ዝናብ በረከት ናቸው። ከመቱ ብዙም ሳይርቅ በሶር ወንዝ ላይ 5 ሜጋዋት የሚያመነጭ የውኃ ኃይል ጣቢያም አለ። ይሁን እንጂ በጫካና በሸለቆ መካከል ተራርቆ ለሚኖር ገበሬ ምሰሶ ተክሎ ሽቦ መዘርጋት ውድም አዝጋሚም ሥራ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ መርሐ ግብር ከሕዝቡ 35 በመቶ የሚሆነውን ከዋናው መስመር ውጪ ባሉ መንገዶች ለመድረስ ያቀደው በዚህ ምክንያት ነበር። ከእነዚያ መንገዶች ዋነኛው ሶላር ነው።

እንዲህ ባለ አገር ሶላር የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር መጠየቁ አይቀርም። ሰማዩ በደመና በተሸፈነበት ቀን ምን ያህል ይሰጠኛል? ዝናቡንና እርጥበቱንስ ስንት ዓመት ይችለዋል? ዛሬ የምናስተዋውቀው ስስ ሽፋን ሶላር ሴል ለመጀመሪያው ጥያቄ ጥሩ ተስፋ የያዘ፣ በሁለተኛው ደግሞ ለዓመታት ሲፈተን የኖረ ቴክኖሎጂ ነው።

በየጣሪያው የምናየው ሶላር ባብዛኛው ከሲሊከን የተሠራ ነው። ሲሊከኑ ቀልጦ ከጠራና ከረጋ በኋላ በስሱ ይቆረጣል፤ የአንዱ ቁራጭ ውፍረት ከ150 እስከ 180 ማይክሮሜትር ይሆናል። ይህም የሰው ፀጉር ውፍረት ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ሲሊከን ብርሃንን ቶሎ የማይውጥ ቁስ ስለሆነ ከዚህ በጣም ቢሳሳ ብዙው ብርሃን አልፎት ይሄዳል። ካድሚየም ቴሉራይድን የመሰሉ ሌሎች ቁሶች ግን ብርሃንን ገና ከላይ ውጠው ያስቀሩታል። ስለዚህ በእንፋሎት ወይም በፈሳሽ መልክ መስታወት፣ ስስ ብረት ወይም ፕላስቲክ ላይ ቢቀቡ ከ1 እስከ 3 ማይክሮሜትር ውፍረት ይበቃቸዋል። ፔሮቭስካይት የሚባለው አዲሱ ቁስ በግማሽ ማይክሮሜትር ገደማ ይሠራል፤ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ፖሊመሮች ከዚያም ያነሰ ይፈልጋሉ። ቁሱ ትንሽ መሆኑ ለማምረት የሚጠፋውን ኃይልና ወጪ ይቀንሳል፤ ፕላስቲክ ላይ ከተቀባ ደግሞ ፓኔሉ ቀላልና የሚታጠፍ ይሆናል።

አንድ የስስ ሽፋን ፓኔል በእጅዎ ቢገባ ቀርበው ይመልከቱት። እንደ ሲሊከኑ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮችና የብር ቀለም ያላቸው ሽቦዎች አይታዩበትም። ፊቱ አንድ ወጥ ጥቁር ወይም ቡናማ ሆኖ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ተራርቀው የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። መስመሮቹ በሌዘር የተቆረጡ ናቸው። አንድ ሴል ለብቻው 1 ቮልት ገደማ ብቻ ስለሚሰጥ፣ ፋብሪካው ሽፋኑን በሌዘር ወደ ረጃጅም ጠባብ ሴሎች ከፋፍሎ የአንዱን ጀርባ ከሌላው ፊት ጋር በተከታታይ ያያይዘዋል።

ይህን ማወቅ ፓኔሉን ለሚሰቅል ሰው ይጠቅመዋል። ሴሎቹ ተከታታይ ስለሆኑ ከመካከላቸው አንዱ ሙሉ በሙሉ ጥላ ከወደቀበት የሌሎቹም ፍሰት አብሮ ይወርዳል። ጥላው መስመሮቹን አቋርጦ ቢወድቅ ግን እያንዳንዱ ሴል ከፊቱ ጥቂቱን ብቻ ስለሚያጣ ጉዳቱ ይቀላል። የቡና ጥላ ዛፍ በከበበው ግቢ ውስጥ ጠዋትና ማታ ጥላው ከየት እንደሚመጣ አይቶ ፓኔሉን በዚያው ልክ ማዞር ያለ አንዳች ወጪ የሚገኝ ትርፍ ነው።

ብርሃን ሽፋኑ ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮን ከቦታው ተነሥቶ ይንቀሳቀሳል። ወደ መሰብሰቢያው ከደረሰ ኤሌክትሪክ ይሆናል፤ መንገድ ላይ እንከን ካጋጠመው ግን ወደ ነበረበት ተመልሶ ኃይሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ብቃት የምንለው ካረፈው ብርሃን ስንት እጁ ኤሌክትሪክ እንደ ሆነ ነው። ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ያህል ብርሃን ያርፋል፤ ብቃቱ 20 በመቶ የሆነ ፓኔል ከዚያ 200 ዋት ይሰጣል። ባለ አንድ ሽፋን ሶላር ሊያልፈው የማይችል ጣሪያ እንዳለው ሾክሊና ኩዌሰር የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1961 አስልተው አሳይተዋል፤ ጣሪያው ዛሬ በሚታወቀው ስሌት 33 በመቶ ገደማ ነው።

ወደዚያ ጣሪያ የተደረገው ጉዞ እንከንን የመድፈን ጉዞ ነው ማለት ይቻላል። ካድሚየም ቴሉራይድ የተቀባበት መስታወት ካድሚየም ክሎራይድ ተደርጎበት ወደ 400 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ጥቃቅን ቅንጣቶቹ ይስተካከላሉ፤ ብቃቱም በእጅጉ ይጨምራል። ቀጥሎ ሴሌኒየም ተጨመረበት። በቤተ ሙከራ ዛሬ ከ22 በመቶ አልፏል። ከመዳብ፣ ከኢንዲየም፣ ከጋሊየምና ከሴሌኒየም የሚሠራው ሌላው ዓይነት ደግሞ ባልታሰበ መንገድ ተሻሻለ። ከተራ የመስኮት መስታወት ውስጥ ሾልኮ የሚወጣው ሶዲየም ሴሉን እንደሚያጠነክረው ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አስተዋሉ፤ ከዚያ በኋላ ሶዲየምና ፖታሲየም እየተለኩ ይጨመሩበት ጀመር። የፔሮቭስካይት እድገት ከሁሉም ፈጣኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ጃፓን ውስጥ ሚያሳካ በተባለ ተመራማሪ ቡድን ሲሞከር 3.8 በመቶ ነበር፤ አሁን ከ26 በመቶ በላይ ደርሷል። በሲሊከን ላይ ተደርቦ ሲሠራ ደግሞ ሁለቱ በአንድነት ከ33 በመቶ በላይ ሰጥተዋል።

ይህ ሁሉ ቁጥር ግን የመጀመሪያውን ቀን ነው የሚናገረው። ስስ ሽፋን ይህን ትምህርት ያገኘው ገና በልጅነቱ ነው። ካርልሰንና ሮንስኪ እ.ኤ.አ. በ1976 አሞርፈስ ሲሊከን ከተባለው ስስ ሽፋን የተሠራ ሶላር ሴል ለዓለም አስተዋወቁ። በዓመቱ ስቴብለርና ያው ሮንስኪ አንድ አሳሳቢ ነገር አገኙ፤ ሽፋኑን የሚያደክመው ራሱ ብርሃኑ ነበር። ፓኔሉ ፀሐይ ላይ በዋለ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብቃቱ በግልጽ ይወርድና ከዚያ ይረጋል። መፍትሔው ሽፋኑን ይበልጥ አሳስቶ ሁለትና ሦስት አድርጎ መደራረብ ሆነ። ሐቀኛ አምራች በመለያው ላይ የሚጽፈው ከረጋ በኋላ ያለውን ቁጥር ነው። ሁሉም ግን ሐቀኛ አልነበረም። ጎረቤታችን ኬንያ አሞርፈስ ፓኔል በገጠር ገበያዋ ቀድሞ የተስፋፋባት አገር ናት። እዚያ ተመራማሪዎች የተለያዩ ምርቶችን ሲለኩ አንዳንዱ በመለያው ላይ ለተጻፈው የሚቀርብ ኃይል ሲሰጥ አንዳንዱ እጅግ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በዓይን አይቶ የመለየት ዕድል የሌለው ገበሬ ለሁለቱም ገንዘቡን ከፍሏል።

ሁለተኛው ጠላት እርጥበት ነው፤ ለኢሉባቦር ዋናው ጠላትም እሱ ነው። ውኃ ባብዛኛው በፓኔሉ ጠርዝ በኩል፣ ሽቦ በሚወጣበት ቀዳዳም ይገባል። ከገባ በኋላ ብርሃን አሳላፊውን የዚንክ ኦክሳይድ ሽፋን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ኃይል ያሳጣዋል፣ ከኋላ ያለውን ብረት ያዝገዋል፣ ንብርብሩን ከመስታወቱ ያላቅቀዋል። ፔሮቭስካይት ደግሞ ሳይታሸግ ለእርጥበት ከተጋለጠ ቁሱ ራሱ ይፈርሳል። ለዚህ ነው ጥሩ ፋብሪካ ሽፋኑን ከመስታወቱ ዳርቻ በጥንቃቄ ጠርጎ፣ ያንን ባዶ ጠርዝ ውኃ በማያሳልፍ ቡቲል ላስቲክ አሽጎ፣ ከኋላም ሌላ መስታወት የሚደርብበት። ለገበያ ከመቅረቡ በፊትም የፓኔሉ ናሙና 85 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና 85 በመቶ እርጥበት ባለበት ክፍል ውስጥ ለ1,000 ሰዓት ይቆያል፤ ከዜሮ በታች ከሆነ 40 ዲግሪ እስከ ከዜሮ በላይ 85 ዲግሪ እየተመላለሰ ይፈተናል፤ የበረዶ ኳስም ይወረወርበታል።

ብቃትንና ዕድሜን እንደ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መቁጠር ስሕተት መሆኑ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ኤሌክትሮን የሚጠፋባቸው የቅንጣት ድንበሮች ናቸው ጊዜ እየቆየ ለተንቀሳቃሽ አተሞች መተላለፊያ የሚሆኑት። በካድሚየም ቴሉራይድ ውስጥ ለዓመታት ሲጨመር የኖረው መዳብ በመጀመሪያ ቀን ብቃት ቢሰጥም፣ ቀስ በቀስ ከቦታው እየተንቀሳቀሰ ሴሉን ያስረጅ ነበር። ፋብሪካዎች በአርሴኒክ መተካት ሲጀምሩ አዲሱ ቅመም ብቃቱን እየጠበቀ እርጅናውንም አዘገየው። እንከኑ ሲደፈን ብቃትም ዕድሜም አብረው ይጨምራሉ።

የኢትዮጵያ ሳይንቲስቶች በዚህ ጉዞ ውስጥ የራሳቸው ድርሻ አላቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህሩ ተከተል ዮሐንስ ከስዊድኑ የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ከኦሌ ኢንጋኔስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያደረጓቸው ጥናቶች ያተኮሩት ፈሳሽ የማያስፈልገው የፖሊመር ሴል ላይ ነበር። ወንድማገኝ ማሞ፣ ሽመልስ አድማሴና አባይ ጋዲሳ ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ሰፋ ያለውን የፀሐይ ብርሃን ክፍል የሚውጥ አዲስ ፖሊመር ሠርተው በሴል ውስጥ ሞክረዋል። ሰፊ ገንዘብና ዘመናዊ መሣሪያ ካላቸው አገሮች ጋር እኩል ቆሞ አዲስ ቁስ መፍጠር ቀላል ሥራ አይደለም።

ለኢሉባቦር ሰው ይበልጥ የሚቀርበው ግን የዶቅማው ሥራ ነው። ዶቅማ በአካባቢው ባዴሳ የሚባለው፣ በኢሉባቦር ጫካ ውስጥ በብዛት የሚበቅለው፣ ፍሬው ሲበስል ወይን ጠጅ ቀለም የሚይዘው ዛፍ ነው። ሲሳይ ታደሰ፣ ተከተል ዮሐንስና ባልደረቦቻቸው ከዚህ ዛፍ የወጣ ቀለም ሶላር ሴል ውስጥ መሥራት መቻሉን እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት አሳይተዋል። ይህ ዓይነቱ ሴል ኦሬገንና ግሬትዘል የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1991 ያስተዋወቁት በቀለም የሚሠራ ሴል ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ መስታወት ላይ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ልቁጥ በስሱ ይቀባል፤ ወደ 450 ዲግሪ ሞቆ ይደርቃል፤ ቀለሙ ውስጥ ተነክሮ ይቆያል። ከዚያ ሌላ መስታወት ይደረብበትና በመካከላቸው አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ይጨመራል። ብርሃኑን የሚይዘው ቀለሙ ነው። ከዕፀዋት የሚወጣ ቀለም ብቃቱ ዝቅተኛ ነው፤ ባብዛኛው ከ1 በመቶ ብዙም አይርቅም። ቀለሙ በብርሃን ይነጣል፣ ፈሳሹም በጊዜ ብዛት ይተናል። ተመራማሪዎች ፈሳሹን በፖሊመር ለመተካት የሚደክሙትም ለዚህ ነው። ሆኖም ውድ መሣሪያ በሌለበት ቤተ ሙከራ፣ ከአገር ጫካ በተገኘ ነገር ተማሪዎች የሴልን ባሕርይ እየለኩ የሚማሩበት ይህን የመሰለ መንገድ ማግኘት ያስቸግራል።

ታዲያ ለኖፓ የሚበጀው የትኛው ነው? አሞርፈስ ሲሊከንና በቀለም የሚሠራው ሴል በደመና በተበተነ ብርሃን ሲሠሩ ብቃታቸው ከሌሎቹ ባነሰ ይጎዳል። ካድሚየም ቴሉራይድም በሙቀት የሚያጣው ኃይል ከሲሊከን ያነሰ ነው። ደመና ራሱ ብርሃኑን ስለሚቀንስ ግን የትኛውም ፓኔል በሐምሌ የጥርን ያህል አይሰጥም፤ ስለዚህ ፓኔልና ባትሪ የሚመረጠው በበጋው ሳይሆን በክረምቱ ልክ ነው። ፊትና ጀርባው መስታወት የሆነ፣ ጠርዙ የታሸገ፣ ዋስትናው በጽሑፍ የተሰጠ ፓኔል ይመረጥ። መቱ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፓኔሉ ለፀሐዩ ሲባል ብዙ መዘንበል አያስፈልገውም፤ ውኃውና ቅጠሉ እንዲንሸራተቱለት ግን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ቢያዘነብሉት መልካም ነው። በጠርዙ ላይ አረፋ፣ ነጭ ነጠብጣብ ወይም ዝገት ከታየ ውኃ መግባቱን ያመለክታል። የተሰበረ ፓኔል በቡና ማሳ ውስጥ አይጣል፤ ካድሚየምም ሆነ በፔሮቭስካይት ውስጥ ያለው እርሳስ አፈርና ውኃን የሚመርዙ ናቸው።

ከገዢው ጥንቃቄ በላይ ደግሞ የተቋማት ድርሻ አለ። የ1,000 ሰዓቱ ፈተና ጠቃሚ ቢሆንም በዓመት ለስምንት ወር ያህል የሚዘንብበትን፣ አረንጓዴ ሻጋታ መስታወት ላይ የሚበቅልበትን የኢሉባቦርን ጣሪያ ሊተካ አይችልም። በመቱ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በየወረዳው ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ አለ። ገበያችን ውስጥ የሚገኙ የተለያዩ ፓኔሎች ከቤተ ሙከራ ናሙናዎች ጋር እዚያ ጣሪያ ላይ ተሰቅለው፣ ኃይላቸው በየወሩ እየተለካ ለዓመታት ቢመዘገብ፣ አስመጪው ምን ማምጣት፣ መንግሥት ምን መፍቀድ፣ ገበሬው ምን መግዛት እንዳለበት በማስረጃ እናውቃለን። ተመራማሪውም ሴሉ የት ላይ እንደሚደክም ያያል። ስስ ሽፋን ሶላርን በዝናብ አገር ለማጽናት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ይህ መዝገብ ነው፤ መጀመር ያለበትም አሁን ነው።