የጎጃም ደጋ ቀርከሃ፡- ከጓሮ እስከ ቢሮ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ የዓባይን ሸለቆ በመሻገር፣ ደጀንንና ደብረ ማርቆስን አልፎ ወደ ባሕር ዳር በሚያመራው አውራ ጎዳና የተጓዘ ሰው እንጅባራ ከተማና አካባቢዋ ሲደርስ በመንገድ ዳር ለሽያጭ የተደረደሩ የቀርከሃ ወንበሮችን፣ ጠረጴዛዎችን፣ መደርደሪያዎችንና ቅርጫቶችን ማየቱ የቆየ ትዝታ ነው። ዕቃዎቹ ቀላል ናቸው፤ ዋጋቸውም ከጣውላና ከብረት ዕቃ ጋር ሲነጻጸር የብዙዎችን አቅም ያገናዘበ ነው። ጥሬ ዕቃው የበቀለው በአካባቢው አርሶ አደር ጓሮ ሲሆን ሥራው የተሠራውም በአካባቢው ወጣቶች እጅ ነው።

ይሁን እንጂ ዕቃውን ገዝተው ወደ ቤታቸው ከወሰዱ ሰዎች መካከል በርካቶች የሚያነሱት አንድ ቅሬታ አለ። ወንበሩ ገና ብዙ ሳያገለግል ከእግሩ ሥር እንደ ዱቄት የደቀቀ ብናኝ መታየት ይጀምራል። ዘንጉ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች ይበዛሉ፤ ጥቂት ቆይቶም ወንበሩ ይሰበራል። ገዢው ሁለተኛ ጊዜ አይመለስም። ጉዳቱ ታዲያ በገዢው ብቻ የሚያበቃ አይደለም። የባለሙያው ገበያ ይቀዘቅዛል፤ አርሶ አደሩም ቀርከሃውን ነቅሎ በምትኩ ሌላ ነገር ለመትከል ይገደዳል።

ችግሩ ከቀርከሃው ተፈጥሮ የመጣ ሳይሆን ከአቆራረጡና ከአያያዙ የመነጨ በመሆኑ መፍትሔውም በእጅ ያለ ነው።

ሁለት ዓይነት ቀርከሃ

በኢትዮጵያ በተፈጥሮ የሚበቅሉት የቀርከሃ ዝርያዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው የቆላ ቀርከሃ ሲሆን በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በሌሎች ምዕራባዊ ቆላማ አካባቢዎች በስፋት ይገኛል፤ ዘንጉ ውስጡ ድፍን ነው። ሁለተኛው የደጋ ቀርከሃ ነው። ይህኛው ቁመተ ረጅምና ውስጡ ክፍት ሲሆን፣ በምሥራቅ ጎጃም በጮቄ ተራራ ተዳፋቶች፣ በአዊ አካባቢ ደጋማ ወረዳዎች፣ እንዲሁም በደቡብ ኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ይበቅላል።

ዓለም አቀፉ የቀርከሃና የራታን ድርጅት (ኢንባር) እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረገው የሳተላይት መረጃን መሠረት ያደረገ ጥናት መሠረት ኢትዮጵያ 1 ነጥብ 47 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ በቀርከሃ የተሸፈነ መሬት አላት። በዚሁ ጥናት የኬንያ ሽፋን 131 ሺህ፣ የኡጋንዳ ደግሞ 55 ሺህ ሄክታር ገደማ ሆኖ ተመዝግቧል። ከኢትዮጵያ ሽፋን ውስጥ ከፍተኛው ድርሻ የቆላው ዝርያ ቢሆንም፣ ለወንበርና ለጠረጴዛ ሥራ ሲውል የኖረው በተለይ የደጋው ነው። ለዚህም ምክንያቱ ዘንጉ ቀጥ ያለ፣ ወፈር ያለና በቀላሉ የሚሰነጠቅ መሆኑ ነው።

በጎጃም ደጋ ቀርከሃ የመንግሥት ደን ሳይሆን በአብዛኛው የአርሶ አደሩ የጓሮ ሀብት ነው። ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን በሚገኘው የስናን ወረዳና በሌሎች የጮቄ አዋሳኝ አካባቢዎች ገበሬው ቀርከሃን ለአጥር፣ ለቤት ክዳን ማገር፣ ለንብ ቀፎ፣ ለጎተራና ለቅርጫት ሲጠቀምበት ኖሯል። ሥሩ መሬት ውስጥ እንደ መረብ የተጠላለፈ በመሆኑም የተዳፋት አፈር በጎርፍ እንዳይታጠብ ይይዛል። ለዓባይ የሚገብሩ በርካታ ወንዞች በሚመነጩበት በጮቄ፣ ይህ አገልግሎቱ ከወንበርነቱ የሚያንስ ጥቅም አይደለም።

ጣውላ ሲያጥር

ዋንዛ በጎጃም ቤቶች ለበር፣ ለመስኮት፣ ለአልጋና ለሳጥን ሥራ የሚመረጥ እንጨት ሆኖ ቆይቷል። ነገር ግን ዛፉ ለጣውላ እስኪደርስ ብዙ ዓመታት ይፈጃል። በአገሪቱ የተፈጥሮ ደን እየተመናመነ በመምጣቱ በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ እንደነበር ይታወሳል። የከተማ ነዋሪው በበኩሉ በውጭ ምንዛሪ ወደሚገቡ የቺፑድና የኤምዲኤፍ ዕቃዎች አዘነበለ። እነዚህ ዕቃዎች መልካቸው ያማረ ቢሆንም ውኃ ሲነካቸው ያብጣሉ፤ አንዴ ከፈረሱ በኋላም መልሶ መጠገኑ አስቸጋሪ ነው።

ቀርከሃ በዚህ ረገድ የተለየ ነው። እንደ ሣር ከሥሩ እየታደሰ የሚበቅል በመሆኑ የደረሰው ዘንግ ሲቆረጥ ተክሉ አይሞትም። ቡቃያው በክረምት ከመሬት ብቅ ካለ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ሙሉ ቁመቱን ይይዛል። ውፍረቱም ሲወለድ የተወሰነ ነው፤ እንደ ዛፍ በየዓመቱ አይወፍርም። ይሁን እንጂ ቁመቱን መያዙ ለሥራ መድረሱን አያመለክትም። ብዙዎች የሚሳሳቱትም በዚህ ነው።

መቼና እንዴት ይቆረጥ

የዘርፉ ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት፣ ለቤት ዕቃ የሚውል ቀርከሃ ቢያንስ ሦስት ዓመት የሞላው ሊሆን ይገባል። የአንድ ዓመት ዘንግ ውኃው የበዛና ገና ያልጠነከረ በመሆኑ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ይሰነጠቃልም። ለጋውን ከደረሰው መለየት ደግሞ ልምድ እንጂ መሣሪያ አይጠይቅም። ለጋው ደማቅ አረንጓዴ ሲሆን ነጭ ብናኝና የቡቃያው ሽፋን ቅሪት ይታይበታል። የደረሰው መልኩ ደብዘዝ ይላል፤ ግራጫ የሽበት ነጠብጣብ ያወጣል፤ በቢላዋ ጀርባ መታ ሲያደርጉትም ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። በክረምት ተክሉ ለአዲሱ ቡቃያ የሚሆን ምግብ የሚያንቀሳቅስበት ወቅት ስለሆነ መቁረጥ ተክሉንም ዘንጉንም ይጎዳል። በበጋ፣ ቡቃያው ከጠነከረ በኋላ የሚቆረጠው ዘንግ የተሻለ ዕድሜ ይኖረዋል።

ሌላው ጥንቃቄ አመራረጡን ይመለከታል። አንድን የቀርከሃ ማሳ ጨርሶ መመንጠር ሥሩ የሚመገብበትን ቅጠል ስለሚያሳጣው በቀጣዩ ዓመት የሚወጣው ቡቃያ ቀጭንና ጥቂት ይሆናል። ለጋውን ትቶ ያረጀውን ብቻ መርጦ ማውጣት፣ የቆየ ጉቶን ማንሳትና የተጠቀጠቀውን አፈር ማላላት ግን ምርቱን ያሻሽላል። በጮቄ ተራራ ላይ የተካሄዱ የምርምር ሥራዎችም ትኩረታቸውን ያደረጉት በእነዚህ የአያያዝ ዘዴዎች ላይ ነው።

በተግባር ግን ተቃራኒው ሲፈጸም ይታያል። ገንዘብ የቸገረው አርሶ አደር ማሳውን በጅምላ ሲሸጥ፣ ነጋዴው ለጋውንም የደረሰውንም አንድ ላይ ያስቆርጣል። ከዚያ የሚሠራው ወንበር እግሮቹ እኩል ዕድሜ የሌላቸው ይሆናሉ።

ነቀዝ ለምን ይወዳል?

ቀርከሃን የሚያደቀው በተለምዶ ነቀዝ የሚባለው ጥቃቅን ጥንዚዛ ነው። ነፍሳቱ የሚፈልጉት እንጨቱን ሳይሆን በውስጡ የተጠራቀመውን ስታርችና ስኳር ነው። ስለዚህ የመከላከል ሥራው ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ ይቆማል፤ ይኸውም ምግቡን ማሳጣት ወይም ምግቡን መርዛማ ማድረግ ነው።

አባቶች የመጀመሪያውን ዘዴ ያውቁት ነበር። ዘንጉን ለሳምንታት ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ስታርቹን አጥቦ ይቀንሳል። ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ጭስ የጠጣ ቀርከሃም ለረጅም ዓመታት ሳይነቅዝ ይኖራል። በደጋው ሰው ቤት ጣሪያ ሥር ጠቁረው የሚታዩት ማገሮች ለዚህ ምስክር ናቸው።

ሁለተኛው ዘመናዊው ዘዴ ቦሪክ አሲድና ቦራክስ የተባሉ ጨዎችን በውኃ በጥብጦ ዘንጉን በድብልቁ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። ከአምስት እስከ አሥር በመቶ ጥንካሬ ያለው ድብልቅ በአብዛኛው በቂ ነው። ፈሳሹ ወደ ውስጥ እንዲገባ የዘንጉ አንጓዎች በረጅም ብረት ይበሳሉ፤ ሙሉ ዘንግ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይዘፈዘፋል፤ የተሰነጠቀው ከዚያ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ቀጥሎም ከፀሐይ ተጠልሎ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ በጥላ ሥር ለሳምንታት ይደርቃል። ዘዴው አንድ ገደብ አለው። ጨዉ በዝናብ ስለሚታጠብ የሚያገለግለው በቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ዕቃ ነው። ሠራተኞች ድብልቁን በጓንት መያዝ፣ ትራፊውንም ወደ ወንዝ ከመድፋት መቆጠብ ይጠበቅባቸዋል።

የአሠራር ጉድለትም ዕድሜ ያሳጥራል። ምስማር በቀጥታ ሲመታበት ቀርከሃ ይሰነጠቃል። አስቀድሞ በመብሻ ቀዳዳ ማበጀት፣ መጋጠሚያውን በእንጨት ችካል ማጥበቅና በጠፍር ወይም በገመድ ማሰር የተሻለ ነው።

ከአሮጌው አዲስ

አካባቢን የማይጎዳ የቤት ዕቃ ሲባል ቀርከሃ ብቻ አይደለም። አክርማና ሰንደዶ ተሰፍተው መሶብና ሙዳይ ይሆናሉ። የበግ ፀጉር ተፈትሎ ባና ይሠራበታል፤ የበግ ቆዳ አጎዛ ይሆናል፤ የበሬ ቆዳ ደግሞ የአልጋ ጠፍር ይወጣዋል። እነዚህ ሁሉ አገልግሎታቸውን ሲጨርሱ ወደ አፈር የሚመለሱ ናቸው።

የተጣለን ዕቃ መልሶ መጠቀምም ለኢትዮጵያውያን አዲስ ትምህርት አይደለም። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ የበርሜል ቆርቆሮ ምድጃና ሣጥን፣ የመኪና ጎማ ደግሞ ጫማና ባልዲ ሲሆን ኖሯል። ቤት ለቤት እየዞረ የተጣለውን የሚሰበስበው ቁራሌው የዚህ ሥራ መነሻ ነው። ዛሬም አሮጌ ጎማ በገመድ ተጠምጥሞ መቀመጫ፣ የዕቃ ማሸጊያ ጣውላም ተፍቆ መደርደሪያና ጠረጴዛ ይሆናል። በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ቆሻሻን ወደ ሀብት መለወጥን ያበረታታ ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ ማጽደቁ ለቅርጫትና ለዘንቢል ሠሪዎች ተጨማሪ ገበያ ሊከፍት ይችላል።

የመሥሪያ ቤቶች ድርሻ

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት የኢንዱስትሪ ልማት ድርጅት፣ ኢንባርና ሌሎች አጋሮች በቀርከሃ ልማትና ሥልጠና ላይ ተንቀሳቅሰዋል። የኔዘርላንድስ፣ የቻይናና የምሥራቅ አፍሪካ የቀርከሃ ልማት ፕሮግራምም ኢትዮጵያን፣ ኬንያንና ኡጋንዳን ያካተተ ነበር። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2030 የሚዘልቅ የቀርከሃ ልማት ስትራቴጂና የድርጊት መርሐ ግብር አዘጋጅታለች። በሌላ በኩል በሐምሌ 2015 ዓ.ም በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከ መታወጅ ያደረሰው የጸጥታ ችግር በመንገደኛ ላይ ለተመሠረተ ገበያ ከባድ ፈተና መሆኑ አይካድም። የመንገድ ዳር ሽያጭ ትራፊክ ሲቆም አብሮ ይቆማል። ቋሚ ገዢ ያለው አምራች ግን ይህን መሰሉን ፈተና የመቋቋም አቅሙ የተሻለ ይሆናል።

ቋሚ ገዢ ሊሆኑ ከሚችሉት አንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የእንግዳ መቀበያ ወንበር፣ የመጽሔት መደርደሪያ፣ የወረቀት ቅርጫትና የክፍል መከለያ ከቀርከሃ ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው። ነገር ግን ጨረታ የሚወዳደረው በዋጋ ብቻ ከሆነ ቀርከሃውን ዘፍዝፎና አድርቆ የሠራው ባለሙያ፣ ትናንት የተቆረጠውን ለጋ ዘንግ ቸንክሮ በሚያቀርበው ይሸነፋል። ግዥው ጥራትን የሚቀጣ እንዳይሆን ከተፈለገ የዝርዝር መግለጫ ሰነዱ አራት ነገሮችን በግልጽ ሊያሰፍር ይገባል፤ እነርሱም የዘንጉ ዕድሜ ከሦስት ዓመት ያላነሰ መሆኑ፣ ፀረ ነቀዝ ሕክምና የተደረገለት መሆኑ፣ በሚገባ የደረቀ መሆኑና ለተወሰነ ጊዜ ዋስትና የተሰጠው መሆኑ ናቸው። የርክክብ ኮሚቴም ዕቃውን አንኳኩቶ፣ መገጣጠሚያውን ነቅንቆ፣ ከሥሩ ብናኝ መኖር አለመኖሩን አይቶ መረከብ ይችላል።

ሁለተኛው ድርሻ በየግቢው ይታያል። እግሩ የተሰበረ ወንበርና በሩ የወለቀ ቁም ሣጥን በዝናብና በፀሐይ ተከምሮ የማስወገጃ ቀኑን ይጠብቃል። ብረቱ ሳይዝግ፣ ጣውላው ሳይበሰብስ በጊዜው ተመርምሮ የሚጠገነው ለጥገና፣ የማይጠገነው ደግሞ በአሠራሩ መሠረት ለአነስተኛ አምራቾች ቢተላለፍ የመንግሥት ወጪም የአካባቢ ጫናም ይቀንሳል። የብረት ቋሚው ደህና የሆነ ወንበር መቀመጫውና መደገፊያው በቀርከሃ ተሸምኖ ወደ ሥራ ሊመለስ ይችላል።

ሦስተኛው ድርሻ የግብርናና የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ነው። አንድ የመዘፍዘፊያ ገንዳና አንድ ማድረቂያ ዳስ ለግለሰብ ባለሙያ ከአቅም በላይ ሊሆን ይችላል፤ ለተደራጁ አምራቾች በጋራ ሲቀርብ ግን ወጪው የሚሸፈን ነው። አርሶ አደሩም ማሳውን በጅምላ ከመሸጥ ይልቅ የደረሰውን ዘንግ እየመረጠ በቁጥር እንዲሸጥ ምክር ቢያገኝ፣ በየዓመቱ የሚቆረጥ ገቢ ይኖረዋል።

በ2011 ዓ.ም የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በየዓመቱ ችግኝ መትከልን የክረምት ሥራ አድርጎታል። የተተከለው ቀርከሃ ተጠብቆ የሚቆየው ግን ባለቤቱ ሲጠቀምበት ነው። በጮቄ ተዳፋት ላይ ያለው አርሶ አደር ቀርከሃውን ላለመንቀል የሚወስነው ውሳኔ፣ በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር አንድ መሥሪያ ቤት ከገዛው ወንበር ዕድሜ ጋር የተያያዘ ነው። ወንበሩ ዓመታት ካገለገለ ገዢው ይመለሳል፤ ገዢው ሲመለስም ማሳው ሳይመነጠር ይቆያል።