ልጁ አፍ ሳይፈታ ሲቀር

2 ዓመት ሞልቶት ከ«እማ» እና ከ«እንካ» በቀር ለማይናገር ልጅ ዘመድ የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፦ «ታገሡ፣ አባቱም እንዲሁ ነበር።» ምክሩ ጨርሶ መሠረት የለውም አይባልም። አብዛኞቹ ልጆች በ1 ዓመታቸው ግድም የመጀመሪያ ቃላቸውን ያወጣሉ፤ በ2 ዓመታቸው ወደ 50 ቃላት ይኖራቸውና ሁለት ቃል ማጣመር ይጀምራሉ። ከዘገዩትም ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ሳይገቡ እኩዮቻቸው ላይ ይደርሳሉ። የሚደርሰውንና የሚቀረውን ቀድሞ መለየት ነው ከባዱ።

እኔ ከቃላት ብዛት ይልቅ መረዳትን አስቀድማለሁ። ንግግሩ ጥቂት ቢሆንም «ጫማህን አምጣ» ሲሉት የሚያመጣ፣ የፈለገውን በጣቱ የሚያሳይ ልጅ ተስፋው ሰፊ ነው። ሲጠሩት ዞር የማይል፣ የሚባለው የማይገባው ወይም የያዛቸውን ቃላት መልሶ የተወ ልጅ ግን ፈጥኖ መታየት አለበት።

የመጀመሪያው እርምጃ የመስማት ምርመራ ነው። ጆሮው እየተመላለሰ የሚመግልበት ወይም ማጅራት ገትር ይዞት የዳነ ልጅ በደንብ ላይሰማ ይችላል፤ ይህ ሳይታወቅ ስንቱ «እልኸኛ» እየተባለ ይቀጣል! ምላሱ ታስሯል ብሎ ማስቆረጥም አለ። የታሰረ ምላስ ጡት መጥባትን ሊያስቸግር፣ አንዳንድ ድምፆችንም ሊያበላሽ ይችላል፤ ልጅን ቃል የሚያሳጣው ግን እሱ አይደለም። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ከማጋለጥ በቀር ለንግግር የሚያመጣው ጥቅም የለም።

ጆሮው ደህና ሆኖ፣ ኦቲዝምም የአእምሮ እድገት ውስንነትም ሳይኖርበት ቋንቋ የሚከብደው ልጅ ብዙ ነው፤ 30 ተማሪ ባለበት ክፍል 2 ያህል ይገኛል። የችግሩ ስም ከባለሙያ ባለሙያ ይለያይ ስለነበር በእንግሊዛዊቷ ዶረቲ ቢሾፕ የተመራ የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017 «የቋንቋ እድገት መታወክ» በሚለው ተስማማ። እነዚህ ልጆች ይናገራሉ፤ ስለዚህም ማንም አያያቸውም። ረዘም ያለ ትእዛዝ ይጠፋቸዋል፣ የዋሉበትን በቅደም ተከተል መንገር ይቸግራቸዋል፣ ንባብ ላይ ወደኋላ ይቀራሉ። የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ አለው፤ እናትን የሚያስወቅስ ነገር የለም።

መታወኩን ለመለየት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች የሚፈተኑበትን መለኪያ ተርጉሞ ማምጣት አይበቃም። «አልሰጠችውም» የምትል አንዲት ቃል ሰጪዋን፣ ተቀባዩንና አሉታውን ይዛለች፤ አማርኛ ተናጋሪው ልጅ የሚደናቀፍበት ቦታ ሌላ ነው። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ላሉ ወላጆች «አማርኛውን ተዉት» የሚለው ምክርም ስህተት ነው። ሁለት ቋንቋ መታወክን አያመጣም፤ መታወኩ ካለ በሁለቱም ይታያል።

ለዚህ መታወክ የሚዋጥ መድኃኒት የለም። ሕክምናው በባለሙያ የሚመራ፣ ግን ቤት ውስጥ የሚሠራ ልምምድ ነው፦ ልጁ «ውሃ» ሲል እናት «ውሃ ጠማህ? ቀዝቃዛ ውሃ ልስጥህ» ብላ ታሰፋለታለች፤ መልሱንም ሳትቸኩል ትጠብቃለች። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በጣም ጥቂት በሆነበት በእኛ አገር የወላጅ ሥልጠና ልዩ ዋጋ አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እድገታቸው ለዘገየ ልጆች ተንከባካቢዎች ያዘጋጀው ሥልጠና በኢትዮጵያም ተሞክሯል። ሥዕላዊ ካርድና የእጅ ምልክት ልጁን ከመናገር ያሰንፉታል ብለው የሚሰጉ ወላጆች አሉ። አያሰንፉትም፤ ቃሉ እስኪመጣ ድረስ ፍላጎቱን ያለ ለቅሶ እንዲያስረዳ ያስችሉታል።