የአሮጌ ፒክ አፕ ሞተር በግቢ ውስጥ ስለ ማውረድ

ከመካነ ኢየሱስ (እስቴ)

በወረዳ ከተማ የሚነግድ ሰው ከሱቁና ከሚዛኑ ቀጥሎ የሚመካበት ሀብቱ መኪናው ነው። እህሉን ከገጠር ገበያ የሚሰበስበው፣ ጨውና ስኳር፣ ሳሙናና ቆርቆሮ ከትልቁ ከተማ የሚያመጣው በእርስዋ ነው። ይህች መኪና በብዙ ቦታ አዲስ አይደለችም፤ ሠላሳና አርባ ዓመት ያገለገለች ፒክ አፕ ናት። አካልዋ በብየዳ ተጠግኖ፣ ቀለምዋ ሁለትና ሦስት ጊዜ ተለውጦ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ሞተርዋ እስከ ሠራ ድረስ ንግዱም ይሠራል። ሞተርዋ የደከመ ዕለት ነጋዴው ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ይኸውም መኪናዋን በሙሉ አስጎትቶ ወደ ትልቅ ከተማ መውሰድ፣ ወይም ሞተሩን ብቻ በግቢው አስወርዶ መላክ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለተኛው መንገድ በምን ሁኔታ እንደሚያዋጣና ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ለነጋዴዎች ማስረዳት ነው። ጉዳዩ የመካኒክ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ገንዘቡም፣ ግቢውም፣ ለሥራው የሚጠሩት ሰዎች ነፍስም በባለ መኪናው ኃላፊነት ሥር ያሉ ናቸው።

አሮጌ መኪና ጠግኖ መያዝ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ትርጉም አግኝቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎችን ወደ አገር ማስገባት እጅግ ውድ አደረገ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተገለጸ። ከዚያም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ በዶላር የሚገዛ መለዋወጫ ሁሉ በብር ሲታሰብ ዋጋው ከፍ አለ። ከዚህም የተነሣ ቀድሞ «ይህችስ ትሸጥ» ይባልላት የነበረች መኪና ዛሬ «ትጠገን» ትባላለች።

ሞተሩን ብቻ ማውረድ የሚያዋጣበት ምክንያት ግልጽ ነው። በመካነ ኢየሱስ ግቢ ውስጥ የሚፈታውን ሞተር መካኒኩ በቦታው ፈትቶ በቦታው መልሶ ሊያስገባው ይችላል። በግቢ ሊሠራ የማይችለው ትክክለኛ መሣሪያ የሚፈልገው ሥራ ነው፤ ማለት ሲሊንደሩን መሞረድ፣ የሞተሩን ዋና ዘንግ ማስተካከልና የተጣመመ ቴስታታ ማቅናት ነው። ይህ የቶርኖ ቤት ሥራ ስለ ሆነ ሞተሩ እንደ ማንኛውም ጭነት በካሚዮን ተጭኖ ወደ ባሕር ዳር ሊሄድ ይችላል። አንድ ሞተር ለማሠራት አንድ መኪና በሙሉ መጎተት፣ አንድ ጆንያ ጤፍ ለማስፈጨት ጎተራውን ተሸክሞ እንደ መሄድ ነው።

ይሁን እንጂ የሞተር ክብደት ሊዘነጋ አይገባም። በተለመዱት ፒክ አፖች ውስጥ የሚገኝ አራት ሲሊንደር ያለው የናፍጣ ሞተር ሁለት ኩንታል ገደማ ይመዝናል፤ በአሮጌው ላንድ ክሩዘር ውስጥ ያለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ደግሞ ወደ ሦስት ኩንታል ይጠጋል። ካምቢዮው አብሮ ከወጣ ክብደቱ ከዚህም ይጨምራል። ጤፍ የሚያወርድ ሠራተኛ ሦስት ጆንያ በአንድ ጊዜ ቢወድቅበት ምን እንደሚደርስበት ነጋዴ ሁሉ ያውቃል፤ ብረት ደግሞ እንደ ጆንያ አይለዝብም።

ለሥራው የሚመረጠው ጊዜ በጋ፣ ቦታውም ደልዳላና ጠንካራ መሬት ነው። ክረምት የለሰለሰው አፈር ከበድ ያለ ነገር ሲቆምበት ይሰምጣል። መኪናዋ በቦታዋ ከቆመች በኋላ ጎማዎችዋ በታኮ ወይም በድንጋይ ይያዛሉ። ሞተሩ እስኪበርድ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በጋለ ራዲያተር ውስጥ ያለው ውኃ በግፊት ስለ ታመቀ፣ ክዳኑን የከፈተውን ሰው ፊት ያቃጥላል። ከሁሉ አስቀድሞ የባትሪው ነጌቲቭ ሽቦ ይነቀላል፤ ቀጥሎ ባትሪው ራሱ ይወጣል። ውኃውና የሞተሩ ዘይት በዕቃ ተቀብሎ ይወሰዳል እንጂ ወደ ጉድጓድ ውኃ ወይም ወደ አትክልት ቦታ አይደፋም። የነዳጅ ቱቦዎች ከተፈቱ በኋላ አፋቸው ይደፈናል። በተለይ የቤንዚን መኪና ሲሆን በአካባቢው ሲጋራ የሚያጨስ፣ ምድጃ የሚያነድ ወይም ብረት የሚበይድ ሰው መኖር የለበትም።

ከዚህ በኋላ ኮፈኑ ይነሣል። ከመነሣቱ በፊት የማጠፊያዎቹ ቦታ በቀለም ቢመለከት ሲመለስ ያለ ድካም ይገጥማል። ቀጥሎ ራዲያተሩና ማራገቢያው ይወጣሉ፤ ሞተሩ ወደ ፊት ተንሸራትቶ ለመውጣት ቦታ የሚያገኘው በዚህ ነው። የሞተሪኖውና የዲናሞው ሽቦዎች፣ የዘይትና የሙቀት መለኪያ ሽቦዎች፣ የነዳጅ መስጫው ገመድ፣ ከሞተሩ ወደ ማርሚታ የሚወርደው ቧንቧ፣ የፍሪሲዮኑ ማያያዣ ሁሉ በተራ ይፈታሉ።

እዚህ ላይ የጸሐፊ ሙያ ለመካኒኩ ይረዳል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ እንደ መሆኑ መጠን በሥራው ላይ የተሰጠው ድርሻ መዝገብ መያዝ ነበር፤ ይህም ድርሻ ከመፍቻው ያላነሰ ጥቅም እንዳለው ተመልክቷል። የሚፈታው ዕቃ ሁሉ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ያው ቁጥር በካርቶን ቁራጭ ተጽፎ በሽቦው ጫፍ ላይ ይታሰራል። የአንዱ ክፍል ቡሎንና ዳዶ በአንድ ጣሳ ይቀመጥና በጣሳው ላይ ስሙ ይጻፋል። በደብተሩ ላይ ሦስት መደብ ብቻ ይበቃል፤ ይኸውም የዕቃው ቁጥር፣ የወጣበት ቦታና ያለበት ሁኔታ ማለትም ደኅና፣ ያለቀ ወይም የተሰበረ የሚል ነው። ሞተሩ ከቶርኖ ቤት የሚመለሰው ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ስለሚችል፣ በመካኒኩ ትዝታ ብቻ መተማመን የሒሳብ ደብተር የሌለው ሱቅ እንደ መያዝ ይቆጠራል። ከዚህም በላይ ሦስተኛው መደብ ተነቅሶ ሲጻፍ ራሱ የሚገዛው መለዋወጫ ዝርዝር ይሆናል።

አሁን ከባዱ ሥራ ይቀራል፤ እርሱም ማንሣቱ ነው። በየከተማው የተለመደው ዘዴ ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ አናታቸውን አስሮ ማቆምና ከመካከሉ ሰንሰለታም ፓራንኮ መስቀል ነው። ዘዴው በራሱ ክፉ አይደለም፤ የሚያስወቅሰው አሠራሩ ነው። ግንዱ ደረቅ፣ ቀጥ ያለና ያልተሰነጠቀ ይሁን። የሦስቱ ግንዶች እግር እርስ በርሱ በሰንሰለት ይታሰር፤ አለዚያ ክብደት ሲያርፍበት ይንሸራተትና ይከፈታል። በእያንዳንዱ እግር ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ወፍራም ሳንቃ ይግባ። ከቤት ጣሪያ አግዳሚ ላይ ሞተር መስቀል ግን ፈጽሞ የተከለከለ መሆን አለበት፤ ያ እንጨት ቆርቆሮ ለመሸከም የተሠራ እንጂ ሦስት ኩንታል ብረት ለማንጠልጠል የተሠራ አይደለም።

የገመድ ነገር ይበልጥ ያሳስባል። የናይሎን ገመድ አህያ ለመጫን ይበቃል፤ የሞተር ሹል ጠርዝ ግን ሳይታወቅ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ሞተሩ የሚታሰረው በሰንሰለት ሆኖ፣ ሰንሰለቱም ለማንሻ ተብለው በተሠሩት ጆሮዎች ላይ በጠንካራ ቡሎን ይያያዛል። ሰንሰለቱ በሁለት እግር ሲከፈት የክፍተቱ ማእዘን መጥበብ አለበት። ሁለቱ እግሮች በ60 ዲግሪ ቢከፈቱ እያንዳንዱ ከክብደቱ ከግማሽ ጥቂት የሚበልጥ ይሸከማል፤ በ120 ዲግሪ ቢከፈቱ ግን እያንዳንዱ እግር ሙሉውን ክብደት ይሸከማል። ሰንሰለት ያጠረበት ሰው ሳያውቀው የሰንሰለቱን ጭነት እጥፍ ያደርገዋል ማለት ነው።

ከባድ ነገር ማንቀሳቀስ ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ሥራ አይደለም። ከመካነ ኢየሱስ በስተሰሜን፣ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጨጨሆ፣ በዋድላና በደላንታ በኩል እስከ መቅደላ ያደረሱት፣ አስቀድመው መንገዱን እያስጠረጉና እያስደለደሉ ነው። ጉዞው ወራት ፈጅቶ መድፉ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነበር፤ ዛሬም በዚያው ይገኛል። ያን ያህል ክብደት ወደ ገደል ሳይገባ ያደረሰው የሰው ብዛት ብቻ ሳይሆን ቦታውን አስቀድሞ ማዘጋጀትና አለመቸኮል ነው። ለሦስት ኩንታል ሞተርም ሕጉ ያው ነው።

ፓራንኮው መጀመሪያ ሰንሰለቱን እስኪወጥር ድረስ ብቻ ይሳባል። ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ባለ ጎማ መቀመጫዎች ዳዶ የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው። ካምቢዮው በመኪናው ላይ የሚቀር ከሆነ ከሥሩ በክሪክ ይደገፋል፤ ሞተሩም በቀጥታ ወደ ፊት እስኪላቀቅ ድረስ ከፍና ዝቅ ሊል አይገባውም። የሞተሩ ክብደት ከካምቢዮው በሚወጣው ዘንግ ላይ ከተንጠለጠለ የፍሪሲዮኑ ሸራ ይሰበራል፤ ዘንጉም ሊጣመም ይችላል። ሞተሩ ጥቂት ከፍ ካለ በኋላ ሥራው ቆሞ ሳይፈታ የቀረ ሽቦ ወይም ቱቦ እንዳለ ዙሪያውን ማየት ይገባል። ሞተሩ እምቢ ካለ የሚፈለገው የቀረው ቡሎን ነው እንጂ ተጨማሪ ጉልበት አይደለም።

ሞተሩ ከመኪናዋ አፍ በላይ ሲደርስ ብዙዎች እርሱን ወደ ጎን ለመግፋት ይሞክራሉ። ባለ ሦስት እግሩ መስቀያ የሚወድቀው በዚህ ጊዜ ነው። ትክክለኛው መንገድ ሞተሩን በቦታው ትቶ፣ ታኮውን አንሥቶ መኪናዋን ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መግፋት ነው። ስለዚህ ከመኪናዋ ኋላ ባዶ ቦታ አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ ሰዎቹም መኪናዋን ከጎንዋ ሆነው ይገፋሉ እንጂ በተንጠለጠለው ሞተርና በመኪናዋ መካከል አይገቡም። ከዚያም ሞተሩ በቀጥታ ወርዶ በተዘጋጀለት የእንጨት አልጋ ላይ ያርፋል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ከሞተሩ ሥር እጁን እንኳ የሚያገባ ሰው መኖር የለበትም፤ ሕፃናትም ከግቢው ይወጣሉ። ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ሞተሩን አንጠልጥሎ ለምሳ መሄድ የለም።

ሞተሩ ወደ ቶርኖ ቤት ሲላክ ቀዳዳዎቹ በንጹሕ ጨርቅ ይደፈናሉ፤ ከእንጨቱ ጋር ይታሰራል፤ የተላከው ዕቃ ዝርዝርም በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ ከሞተሩ ጋር ይሄዳል። በተለይ የሞተሩ ቁጥር መመዝገብ አለበት። ይህ ቁጥር በመኪናዋ ሊብሬ ላይ የተጻፈ ስለ ሆነ፣ ሞተሩ በሌላ ሞተር ቢለወጥ ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ሳያስታውቁ መንዳት በኋላ ቦሎ ሲታደስም ሆነ መኪናዋ ስትሸጥ ክርክር ያመጣል።

ለመለዋወጫ ነጋዴዎችም አንድ ቃል አለን። ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራውን ቶዮታ ሃይሉክስ ብቻ ብንመለከት፣ «የሃይሉክስ ናፍጣ» ተብሎ የሚታዘዘው ሞተር ሁለት ኤል፣ ሦስት ኤል ወይም አምስት ኤል የሚባለው ሊሆን ይችላል። ሦስቱ ከውጭ ሲያዩአቸው ወንድማማች ናቸው፤ የሲሊንደራቸው ስፋት ግን በተራ 92፣ 96 እና 99.5 ሚሊ ሜትር ነው። የአንዱ ፒስተን ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ለሌላው አይሆንም። ከወረዳ ከተማ የሚላክ ትእዛዝ የሞተሩን ዓይነት ካልጠቀሰ፣ የሚመጣው ዕቃ መደርደሪያ ላይ የሚቀር፣ መኪናዋም ያለ ሥራ የምትቆም ትሆናለች። ሻጩ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት የሞተሩን ዓይነትና ቁጥር ጠይቆ በደረሰኙ ላይ ቢጽፍ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

በመጨረሻም ለአስመጪዎችና ለባለ ሱቆች የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በወረዳ ከተሞች ሰው በናይሎን ገመድ ሞተር የሚያነሣው ደፋር ስለ ሆነ ሳይሆን፣ የሚሸከመው ክብደት የተጻፈበት ፓራንኮና ሰንሰለት በአቅራቢያው ስላጣ ነው። የአንድ ቶን ፓራንኮ ለአንድ ባለ መኪና በዓመት አንድ ቀን ቢያስፈልገው ነው፤ ስለዚህ ራሱ ሊገዛው አይነሣሣም። ነገር ግን አንድ ባለ ሱቅ አንድ ፓራንኮ፣ ሁለት ሰንሰለትና አንድ ጠንካራ ክሪክ ገዝቶ በቀን ኪራይ ቢያከራይ፣ በከተማው ያለ መካኒክ ሁሉ ደንበኛው ይሆናል። ፓራንኮ የተከራየ ሰው ያንኑ ዕለት ዘይት፣ ጓርኒሲዮንና ቡሎን መግዛቱ አይቀርም። አስመጪዎችም መለዋወጫ በሚያዝዙበት ጊዜ እነዚህን የማንሻ ዕቃዎች፣ ክብደታቸው በግልጽ የተቀረጸባቸውን መርጠው፣ በትእዛዛቸው ውስጥ እንዲያስገቡ እናሳስባለን።