የቦውሊንግ ዋጋ ለምን ይከብዳል?

ዘንድሮ በርከት ያሉ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን የቦውሊንግ ክበብ እንዲቋቋምላቸው ጠይቀውናል። ወላጆች ደግሞ «ኳስ ማንከባለል ይህን ያህል ገንዘብ ለምን ያስወጣል?» ይላሉ።

ሲያዩት ቀላል ነው፤ ፒን የሚባሉትን 10 እንጨቶች በኳስ መጣል። ነገር ግን መስመሩ ከመወርወሪያው እስከ መጀመሪያው ፒን 18 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ወለሉም በየጊዜው እየተጸዳ ልዩ ዘይት ይቀባል። የወደቁትን ፒኖች አንሥቶ የሚደረድረውና ኳሱን የሚመልሰው ማሽን ነው፤ መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። አስመራ ባለው ነባር ቦውሊንግ ቤት ይህን ሥራ ልጆች በእጃቸው ይሠሩት ነበር (የእነርሱም ድካም ቀላል አልነበረም)።

ክፍያው በነፍስ ወከፍ፣ በየጨዋታው ነው። የጫማ ኪራይም አለ፤ ሶሉ እንዲያንሸራትት ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ከቤት የመጣ የስፖርት ጫማ አይተካውም። አንድ ልጅ በየሳምንቱ 3 ጨዋታ ቢጫወት በዓመት 156 ጨዋታ ይከፍላል፤ ጫማ 52 ጊዜ ይከራያል። ወንድሙ ከተጨመረ እጥፍ ነው። ትራንስፖርቱና ለስላሳው ገና አልተቆጠረም።

እኛን ይበልጥ ያሳሰበን መክፈል የማይችለው ልጅ ነው። ጓደኞቹ ቅዳሜ ሲሄዱ «አሞኛል» ብሎ ቤት የሚቀር አይጠፋም። ስለዚህ ሳምንታዊውን ክበብ አልፈቀድንም። በየመንፈቀ ዓመቱ አንድ ቀን ግን የ8ኛ ክፍል ተማሪ በሙሉ ይሄዳል፤ ወጪውን ትምህርት ቤቱና የወላጅ ኮሚቴው ይሸፍናሉ። ካልሲ የየራሳችሁን ታመጣላችሁ።