የድሮ ካሴት ቪዲዮን ወደ ፊልም መልክ ማስጠጋት

እ.ኤ.አ. በ1995 ገበያ ላይ የዋለው ሚኒ ዲቪ የተባለ ትንሽ ካሴት ጥርት ያለ ዲጂታል ቪዲዮ መቅረጽን ለሰርግ ቀራጩም፣ ለተማሪውም፣ ለቤተሰቡም አቀረበው። ይሁንና ምስሉ ሲኒማ ቤት ከሚታይ ፊልም ጋር ሲተያይ ወዲያው ይለያል፤ እንቅስቃሴው ዜና ይመስላል፣ ሰማዩ ባዶ ነጭ ይሆናል፣ የነገሮች ጠርዝ ከልክ በላይ ይሰላል። ይህን መልክ ወደ ፊልም ማስጠጋት ይቻላል። ብዙ ሰው ሥራውን ከቀለም ይጀምራል፤ ቅድሚያ የሚገባው ግን እንቅስቃሴው ነው።

ፊልም በሰከንድ 24 ሙሉ ፍሬም ያነሳል። የድሮው ቪዲዮ ካሜራ የሚቀርጸው ግማሽ ግማሽ ምስል ነው፤ አንዴ 1ኛውን፣ 3ኛውንና 5ኛውን እያለ፣ ቀጥሎ 2ኛውን፣ 4ኛውንና 6ኛውን እያለ መስመር ይዘላል። በኢትዮጵያና በአብዛኛው አውሮፓ ይሠራበት በነበረው የፓል ሥርዓት ይህ በሰከንድ 50 ጊዜ፣ በአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ደግሞ 60 ጊዜ ያህል ይከናወናል። ስለዚህ አዲስ አበባ የተቀረጸ የሰርግ ካሴትና ዋሽንግተን የተቀረጸ ካሴት በአንድ ዓይነት መንገድ አይሠሩም። ሁለቱ ግማሾች በኮምፒውተር ስክሪን ላይ አንድ ላይ ሲወጡ የምትጨፍር ሴት ክንድ ጠርዙ ማበጠሪያ ይመስላል።

መፍትሔው ግማሾቹን ወደ ሙሉ ፍሬም መቀየር ነው። በነጻ የሚገኘው ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለ ፕሮግራም ለዚህ ያዲፍ የሚባል ማጣሪያ አለው። ትዕግሥት ላለው ሰው በአቪሲንዝ ፕሮግራም የሚሠራው ኪውቲጂኤምሲ እጅግ ይሻላል፤ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ጥቃቅን መስመሮችን አያጠፋም። ከሚወጡት 50 ፍሬሞች በየሁለቱ አንዱን ማስቀረት 25 ይሰጣል፤ ይህም ከ24 ጋር በዓይን አይለይም። የግድ 24 ካስፈለገ ቪዲዮውን 4 በመቶ ማዘግየት በቂ ነው፤ የ60 ደቂቃው ካሴት 62 ደቂቃ ተኩል ይሆናል፣ በዚሁ የሚወፍረው ድምፅም ይስተካከላል። የኤንቲኤስሲ ቪዲዮ በ30 ቢቀር ይመረጣል፤ ወደ 24 ሲገፋ ይንገጫገጫል።

እዚህ ላይ ካሜራው የቀረጸበት ሁኔታ ይወስናል። ሸተሩ (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነው ክፍል) በሰከንድ 1/50ኛ ላይ ከነበረ፣ በ25 ፍሬም የሚታየው የእንቅስቃሴ ድብዘዛ ከፊልም ጋር አንድ ነው። በጠራራ ፀሐይ አውቶማቲኩ ሸተሩን ወደ 1/500ኛ ካፈጠነው ግን እያንዳንዱ ፍሬም ደርቆ ይወጣል፤ ያንን በኋላ ማለስለስ በአብዛኛው አይሳካም።

ቀጥሎ ብርሃን ነው። ፊልም ደማቅ ቦታን ቀስ እያለ ወደ ነጭ ያሳልፋል፤ የሚኒ ዲቪ ካሜራ ግን በአንድ ጊዜ ይቆርጠዋል። ሆኖም ሁሉም አይጠፋም። የዲቪ ምስል ሕጋዊ ነጭ 235 ላይ ቢሆንም፣ ብዙ ካሜራዎች ከዚያ በላይም ይቀርጻሉ። ኤዲተሩ ደማቁን ዝቅ ሲያደርግ የነጭ ቀሚስ ጥለት ወይም የደመና ቅርጽ ብቅ ሊል ይችላል። ምንም ያልተቀረጸበት ቦታ ላይ ግን ትርፉ ግራጫ ነው፤ እንዲህ ያለው ነጭ ሆኖ ይቅር።

ቀለም ላይ ቁጠባ ያስፈልጋል። ዲቪ ለየአራቱ የምስል ነጥቦች አንድ የቀለም መረጃ ብቻ ይይዛል፤ ሲገፋ ቆዳ ላይ እድፍ፣ ሰማይ ላይ ደግሞ ደረጃ ደረጃ መስመር ያመጣል። ጥላውን ትንሽ ማጥቆር፣ የቀለሙን ጉልበት መቀነስ፣ የፊትን ቀለም መጠበቅ ይበቃል። ጠርዝ ላይ ያለውን ሰው ሠራሽ ስለት በጥቂቱ ካለዘቡ በኋላ መጨረሻ ላይ የፊልም ግሬይን፣ ማለትም የፊልም ጥቃቅን ቅንጣት፣ ይጨመራል። ግሬይን በመካከለኛ ብርሃን ላይ ጎላ፣ በደማቁ ላይ ሳሳ ይላል። የቀለም መስመሮቹንም ይሸፍናል። ጭረትና አቧራ የሚጨምሩ ዝግጁ ኤፌክቶች ግን ያረጀ ፊልም እንጂ ጥሩ ፊልም አይመስሉም።

ምስሉን ከላይና ከታች ጥቁር አድርጎ ማጥበብም ዋጋ ያስከፍላል። ከ576ቱ የፓል መስመሮች በ16 ለ9 የሚቀሩት 432 ናቸው። አራት ማዕዘኑን እንዳለ መተው ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ሶፍትዌር የማይደርስበትም አለ። የካሜራው ሴንሰር ትንሽ በመሆኑ ከሰውየው ጀርባ ያለው ግድግዳም እኩል ጥርት ይላል። የፊልም ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ገደብ የሚያሸንፉት ሲቀርጹ ነው። የካሜራ ባለሙያው አንቶኒ ዶድ ማንትል እ.ኤ.አ. በ1998 «ፌስተን» የተባለውን ፊልም የቀረጸው በእጅ በሚያዝ የሶኒ ካሜራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ለወጣው «28 ዴይስ ሌተር» ፊልም ደግሞ ኤክስኤል1 የተባለውን የካኖን ካሜራ ተጠቀመ፤ ባዶውን የለንደን ጎዳና በማለዳ በብዙ ካሜራ ቶሎ ለመቅረጽ ትንሽነቱ ጠቅሟል። የፊልሙ መዝጊያ ግን በ35 ሚሊሜትር ፊልም ተቀርጿል። በዚያው ዓመት ፓናሶኒክ ያወጣው ዲቪኤክስ100 በሰከንድ 24 ሙሉ ፍሬም ስለሚቀርጽ ገለልተኛ ፊልም ሠሪዎች ተሻሙበት።

ካሴት ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ በፊት በፋየርዋየር ገመድ ወደ ኮምፒውተር ይገልብጠው፤ የአንድ ሰዓት ቅጂ 13 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። ማስተካከያው ሁሉ በሌላ ቅጂ ላይ ይሠራ፤ ግሬይን የገባበት ምስል ወደ ነበረበት አይመለስምና።