የበለስ ወዳጁ ሐኪም፦ አቡ መርዋን ኢብኑ ዙህር

ሆዱ ያበጠ፣ ፊቱ የገረጣ አንድ በሽተኛ በሴቪል ከተማ በሐማም (የሕዝብ መታጠቢያ ቤት) አጠገብ ተኝቷል። ወደ ቤተ መንግሥት የሚሄደው ሐኪም በዚያ ባለፈ ቁጥር ቆም ብሎ እንዲያየው ይማጸነዋል። አንድ ቀን ሐኪሙ ቆመና መረመረው። ዓይኑ ያረፈው በሽተኛው ከራስጌው ባስቀመጣት አሮጌ የውሃ ማሰሮ ላይ ነበር። የሕመምህ ምክንያት ይህች ናትና ስበራት አለው። ሰውየው ደነገጠ፤ ከእርሷ ሌላ መጠጫ አልነበረውም። ሐኪሙ አንዱን አገልጋይ አዞ አሰበራት። ከውስጧም እዚያው የኖረችና ያደገች እንቁራሪት ወጣች። ሐኪሙ ስትጠጣው የኖርከውን ተመልከት ብሎት መንገዱን ቀጠለ፤ በሽተኛውም ዳነ።

ታሪኩን ያቆየልን በ1270 (እ.ኤ.አ.) ያረፈው የሐኪሞች ታሪክ ጸሐፊ ኢብኑ አቢ ኡሰይቢዓ ነው። እንቁራሪቷ ብቻዋን ያን ሁሉ ማድረጓን የሚጠራጠር ሐኪም ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ከመድኃኒቱ በፊት የሚጠጣውን ውሃ ማየት ትክክል ነበር። ለመሆኑ ውድ አንባቢያን፣ ቤታችን ያለውን ጀሪካን ውስጡን በባትሪ አብርተን ያየን ስንቶቻችን ነን?

ሐኪሙ አቡ መርዋን ዐብዱልመሊክ ኢብኑ ዙህር ይባላል። አውሮፓውያን ስሙን ‹‹አቬንዞር›› ብለው ለውጠውታል። በ1094 (እ.ኤ.አ.) ገደማ አንደሉስ ውስጥ በሴቪል (በዐረብኛ ኢሽቢሊያ) ተወለደ። ቤተሰቡ የዕውቀት ቤተሰብ ነው። ቅድመ አያቱ የፊቅህ ሊቅ ነበር፤ አያቱ ወደ ቀይረዋንና ወደ ካይሮ ተጉዞ ሕክምና ተምሯል፤ አባቱ አቡል ዐላእም በዘመኑ አንቱ የተባለ ሐኪም ነበር። አቡ መርዋን ሕክምናን የተማረው ከዚሁ ከአባቱ ነው።

ሕይወቱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በሙራቢጦች ዘመን ገዢው ዐሊይ ኢብኑ ዩሱፍ ማራኬሽ ውስጥ አሰረው። በ1147 (እ.ኤ.አ.) ሙራቢጦች ሲወድቁና ሙዋሒዶች ሲተኩ ወደ ክብሩ ተመለሰ፤ የኸሊፋው ዐብዱልሙእሚን ሐኪምም ሆነ።

ለዚህ ዓምድ ከሁሉ በላይ የሚቀርበው ለዚሁ ኸሊፋ የጻፈው ‹‹ኪታቡል አግዚያ›› (የምግቦች መጽሐፍ) ነው። ስለ ዳቦ ዓይነቶች፣ ስለ ሥጋ፣ ስለ ፍራፍሬ፣ ስለ ማርና ስለ ውሃ፣ በየወቅቱም ሊበላ ስለሚገባው ነገር ይናገራል። በዚያ ዘመን ከአንድ ሐኪም ስመ ጥርነት የሚጠበቀው ብርቅና ውስብስብ የሆነ መድኃኒት ማዘዝ ነበር። እርሱ ደግሞ ከማዕድ ይጀምራል። ሆኖም ከመጽሐፉ ሁሉንም እንውሰድ ማለታችን አይደለም። ለምሳሌ የሜዳ አህያን ዓይን ትኩር ብሎ መመልከት የዓይን ብርሃንን ይጠብቃል ይላል። ታላቅ ሰው ስለጻፈው ብቻ እውነት አይሆንም።

ኸሊፋው ዐብዱልሙእሚን የሚያስቀምጥ መድኃኒት ያስፈልገው ነበር፤ ግን ይጠላዋል። ኢብኑ ዙህር ምን አደረገ? የሚያስቀምጡ መድኃኒቶች የተዘፈዘፉበትን ውሃ አንድ የወይን ተክል አጠጣ። ወይኑ ሲያፈራ ዘለላውን ቆርጦ አቀረበለት። ኸሊፋው አሥር ፍሬ ሲበላ ይበቃዎታል አለው፤ አሥር ጊዜ ያስቀምጥዎታል ብሎም ነገረው። እንዳለውም ሆነ ይባላል። የዛሬ የእጽዋት ተመራማሪ ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ልጇ ሽሮፕ አልውጥም ያላት እናት ግን የሐኪሙ ዘዴ ሳይገባት አይቀርም።

ለመመራመር የነበረውን ፍላጎት ለማየት ወደ ፍየሏ እንምጣ። የቀደሙት ሐኪሞች የጉሮሮ አየር ቧንቧን ቀዶ በሽተኛ እንዲተነፍስ ስለማድረግ ጽፈዋል፤ ቁስሉ ይድናል ወይስ አይድንም በሚለው ግን አልተስማሙም። ኢብኑ ዙህር ገና ተማሪ ሳለ ይህን አነበበ። ከዚያም በፍየል ላይ ሞከረው። ቆዳዋን ቀደደ፤ ከአየር ቧንቧዋም ከግብጦ ፍሬ ያነሰች ቁራጭ ቆርጦ አወጣ። ቁስሉን በማርና በውሃ እያጠበ ተከታተላት። ፍየሏ ዳነች፤ ረጅም ጊዜም ኖረች። ይህን ‹‹አት-ተይሲር›› በተባለው ትልቁ መጽሐፉ ውስጥ ራሱ ጽፎታል።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆም ያስፈልጋል። ማር በቁርኣን ለሰዎች መድኃኒት እንዳለበት የተነገረለት ነው፤ ኢብኑ ዙህርም ሙስሊም ነው፤ ያምንበታል። ቢሆንም ቁስሉን አጥቦ ዞር አላለም፤ እስኪድን ድረስ ይከታተል ነበር። ዛሬ በየገበያው ‹‹ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለካንሰር›› እየተባለ አንድ ጠርሙስ ቅባት የሚሸጥ ሰው፣ ገዢው ከወር በኋላ ምን ላይ እንደደረሰ ጠይቆ ያውቃል?

በዚሁ መጽሐፍ በልብ ሽፋን ላይ ስለሚደርስ ሕመም፣ መዋጥ ያቃተውን በሽተኛ በብር ወይም በቆርቆሮ ቱቦ ወተት ስለመመገብ፣ ከቆዳ ሥር ስለምትወጣና በዓይን ለማየት ስለምታስቸግር የእከክ ተባይ ጽፏል። ፈላስፋውና ሐኪሙ ኢብኑ ሩሽድ ወዳጁ ነበር። ‹‹አል-ኩሊያት›› በተባለው የሕክምና መጽሐፉ መጨረሻ ላይ፣ የየበሽታውን ሕክምና በዝርዝር የሚፈልግ ሰው የአቡ መርዋንን ‹‹ተይሲር›› እንዲያነብ ይመክራል። መጽሐፉ በ1280 (እ.ኤ.አ.) ወደ ላቲን ተተርጉሞ ለብዙ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ተነቧል።

ወደ ቤቱ እንግባ። አቡ መርዋን ከአባቱ የተቀበለውን ለልጆቹ አስተላለፈ። ልጁ አቡ በክር ቁርኣንን በቃሉ የያዘ፣ ገጣሚና ሐኪም ነበር። ማራኬሽ በኸሊፋው አል-መንሱር ዘንድ ሳለ ሴቪል የተወውን ትንሽ ልጁን ናፍቆ ግጥም እንደገጠመና፣ ኸሊፋው ያን ሰምቶ ቤተሰቡን እንዳስመጣለት ይተረካል። ሴት ልጁም ሕክምና አዋቂ ነበረች፤ የእርሷም ሴት ልጅ እንዲሁ። በሴቶች ሕክምና የተካኑ ስለነበሩ የአል-መንሱር ቤተሰብ ወላዶች ከእነርሱ ሌላ አዋላጅ አይቀበሉም ነበር። ኢብኑ አቢ ኡሰይቢዓ ሙያቸውን ሲያወድስ ስማቸውን አለመጥቀሱ ያስቆጫል። አቡ በክርና ይህች የእህቱ ልጅ በኋላ በአንድ ቀናተኛ ሹም ሤራ ተመርዘው እንደሞቱም ይኸው ጸሐፊ ይነግረናል።

አሁን ስለ በለሱ። እሾሃማውን የቁልቋል በለስ ማለታችን አይደለም፤ ሱረቱ አት-ቲን የተሰየመባትን ፍሬ ነው። አቡ መርዋን በለስ አዘውትሮ ይበላ ነበር። ‹‹አል-ፋር›› የሚባል የከተማው ሐኪም ደግሞ ከነጭራሹ አይቀምሳትም። ሲገናኙ ይቀላለዳሉ። አል-ፋር፣ ይህ የበለስ ፍቅርህ አንድ ቀን ክፉ እባጭ ያወጣብሃል ይለዋል። አቡ መርዋንም፣ አንተን ደግሞ ይህ ሁሉ መከልከልህ የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ያመጣብሃል ይለዋል። አል-ፋር በዚያው በመንቀጥቀጥ ሞተ፤ አቡ መርዋንም ጎኑ ላይ እባጭ ወጣበት። በለስ እባጭ አታወጣም፤ ይህን ዛሬ እናውቃለን። አባቱ አቡል ዐላእም በ1131 (እ.ኤ.አ.) የሞተው በትከሻው መካከል በወጣ ተመሳሳይ እባጭ ነበር፤ መግል በያዘ ቁስል ላይ ደግሞ የዚያ ዘመን ሐኪም እጁ አጭር ነው።

ዕድሜ ልኩን ሌሎችን ሲያክም የኖረው ሰው አሁን ራሱን ማከም ያዘ። ቅባቱን ራሱ ቀመመ፤ መድኃኒቱንም አዘጋጀ፤ የሚታይ ለውጥ ግን አልነበረም። ልጁ አቡ በክር ከአጠገቡ አልራቀም። ሐኪም ነውና ዝም ብሎ ማየት አልቻለም። አባዬ ይህን በዚያ ብትለውጠው፣ ከዚህኛው ብትጨምርበት እያለ ይወተውተው ነበር። አባትየው በእርጋታ መለሰለት፦ ልጄ ሆይ፣ አላህ ይህን አካል ሊለውጥ ከሻ፣ ፈቃዱ ከሚፈጸምበት መድኃኒት በቀር ሌላ እንድጠቀም አይወስንልኝም አለው። በ557 ዓ.ሂ. (በ1162 እ.ኤ.አ.) እዚያው ሴቪል አረፈ። ከከተማዋ ባቡል ፈትህ ከተባለው በር ውጪ ተቀበረ።