በእርዳታ ተቀባዮች መዝገብ ድርብ ምዝገባን ስለ መከላከል

በድርቅ ለተጎዳው ወገን የሚቀርበው እህል የሚታደለው አስቀድሞ በተዘጋጀ የስም ዝርዝር መሠረት ነው። ቀድሞ በወረቀት መዝገብ ብቻ ይያዝ የነበረው ይህ ዝርዝር፣ ዛሬ በብዙ የእርዳታ ፕሮግራሞች በኢንተርኔት በተያያዘ የመረጃ ቋት ውስጥ ይገባል። ይህ አሠራር ሥራውን ቢያፋጥንም አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ በራሱ ዋስትና አይሆንም።

ጉዳቱን ማስላት አስቸጋሪ አይደለም። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም እህል በሚሰጥበት እደላ፣ አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ 75 ኪሎ ግራም ይደርሰዋል። ይኸው ቤተሰብ ሁለት ጊዜ ከተመዘገበ 150 ኪሎ ግራም ይታሰብለታል። ለወረዳው የተመደበው እህል የተወሰነ በሚሆንበት ጊዜ ትርፉ የሚገኘው ከሌላ ችግረኛ ቤተሰብ ድርሻ ነው።

የድርብ ምዝገባ መነሻ ሁልጊዜ ማጭበርበር ነው ማለት አይቻልም። በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በመሆኑም «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈው የአንዲት ሴት ስም የሁለት ሰዎች ሆኖ ይቆጠራል። ዕድሜ በግምት ሲነገርም ከአንዱ ምዝገባ ወደ ሌላው ይለያያል። ከቀዬው ተፈናቅሎ በሌላ ወረዳ የሰፈረ ሰውም የቀድሞው መዝገቡ ሳይዘጋ እንደ አዲስ ሊመዘገብ ይችላል።

ስለዚህ ጥንቃቄው መጀመር ያለበት በምዝገባው ሰዓት ነው። አንደኛ፣ ቋቱ ስሞችን ከማነጻጸሩ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ሊመልስና የአባትን፣ የአያትንና የቀበሌን ስም አብሮ ሊመለከት ይገባል። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የማይደገም መለያ ቁጥር ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ዲጂታል መታወቂያ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ስላለው ላገኙት ሰዎች ይጠቅማል፤ የሌላቸው ግን ከእርዳታ ውጪ እንዳይሆኑ ሌላ መለያ ሊዘጋጅላቸው ይገባል።

ሦስተኛ፣ የመዝጋቢው ፍለጋ ብቻውን አይበቃም። በሁለት ጣቢያዎች ያሉ መዝጋቢዎች በአንድ ጊዜ ፈልገው ሁለቱም ስሙን ሊያጡትና ሁለቱም ሊጽፉት ይችላሉ። ስለሆነም የተደገመን መለያ ቁጥር ያለመቀበሉ ግዴታ በቋቱ በራሱ ላይ መጣል አለበት። አራተኛ፣ መስመር ተቋርጦ መልስ ሲዘገይ መዝጋቢው ያንኑ ቅጽ ደግሞ ይልካል። ቅጹ ከመላኩ በፊት የራሱ ቁጥር ከተሰጠው ቋቱ ሁለተኛውን መልእክት ከፊተኛው ጋር አንድ መሆኑን ያውቃል።

የጣት አሻራ ማነጻጸሪያም ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ በእርሻና በጉልበት ሥራ ጣታቸው የሻከረ ሰዎች አሻራ በግልጽ ላይነበብ ስለሚችል ብቸኛ መመዘኛ ሊሆን አይገባውም።

ከሁሉም በላይ፣ ኮምፒዩተር ተመሳሳይ ናቸው ያላቸውን መዛግብት ማመልከት እንጂ መሰረዝ የለበትም። በስምና በቀበሌ የሚመሳሰሉ ሁለት ችግረኞች በስሕተት እንደ አንድ ሰው ከተቆጠሩ አንደኛው ያለ ቀለብ ይቀራል። ውሳኔው ነዋሪውን ለሚያውቁ የቀበሌ ኮሚቴ አባላት ቀርቦ መጣራት፣ የተሰረዘውም ሰው አቤት የሚልበት ቦታ ሊኖረው ይገባል። ማጣራቱ እስኪፈጸም ድረስም የማንም ቀለብ መቋረጥ የለበትም።